ዘይት የተቀባችው የጃፓን አክስት

ቶሎሳ ከልጅነቱ ጀምሮ ቁጭ ማለት አያውቅም። እኔን ጠይቁኝ፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የወንድሜ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ወንድሜ ደግሞ የሚሲዮን አስተማሪ ስለነበር ጊምቢ እኔ ዘንድ ትቶት በየገጠሩ ትምህርት ቤት ይዞር ነበር። በኛ ዘንድ የአባት እህት «አዳዳ» ትባላለች፤ ቶሎሳም እንደዚያው ይለኛል። እዚህ ስቶክሆልም ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግማሹ ተጂቱ መባሌን ረስቶ አዳዳ ነው የሚለኝ። ቶሎሳ ልጅ ሳለ እራቱን ቆሞ ነበር የሚበላው። ቁጭ በል ብዬ ስቆጣው ይቀመጥና እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን መንገድ ይጀምራል።

እጁ ግን ሌላ ነው። እጁ ሥራ ከያዘ ያ ሁሉ መቅበጥበጥ ቀጥ ይላል። ትምህርት ሲከፈት የክፍሉ ልጆች ሁሉ ደብተራቸውን ለእሱ ነበር የሚያመጡት። በአሮጌ ጋዜጣ ሲለብደው መጨማደድ የለ፣ ጥጉ ላይ መሸብሸብ የለ። እኔም ለጎረቤት እያሳየሁ እኮራ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ስዊድን መጥቶ ኡፕሳላ ሒሳብ ተማረና ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ ካርታ የሚሠራ ድርጅት ገብቶ ስምንት ዓመት በቀጭን የቀለም ብዕር መንገድና ወንዝ ሲሥል ኖረ። እኔን ያስመጣኝም ያኔ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠና ሁለት ላይ ያ የሥራ ቀውስ ሲመጣ ድርጅቱ ተዘጋ፤ ካርታውንም ኮምፒውተር ወሰደው።

ሌላው ሰው ሥራ ሲያጣ ይተኛል። ቶሎሳ ይሄዳል። ጠዋት ከምንኖርበት ከቮርቢ ጎርድ ተነስቶ በምድር ውስጡ ባቡር፣ በቱነልባና፣ ፋርስታ ድረስ ሄዶ ገበያውን ሁለቴ ይዞርና አንድ ነገር ሳይገዛ ይመለሳል። ሚስቱ ኢየሩሳሌም ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ከፈረቃዋ ስትገባ በኮሪደሩ ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ታገኘዋለች። ወለሉን ጨረስከው እኮ ትለዋለች። ልጃቸው ሶረቲ በስዊድንኛ ትስቅበታለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ቤታችን ውስጥ ከእሱ ጋር ሁላችንም እንቅልፍ አጣን።

በኋላ የሥራ አገናኙ ቢሮ ኩርስ ሰጠው። ምን ኩርስ ብትሉ፣ የሥዕል ፍሬም መሥራት። እኔ ተቆጣሁ። ሒሳብ የተማረ ሰው እንጨት ሲቆርጥ ይዋል ወይ ብዬ ለፓስተሩ ሁሉ አቤት አልኩ። እሱ ግን ወደደው። ቬሊንግቢ ውስጥ ጉንቦር የምትባል፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ፍሬም ቤት አላት። ለስድስት ወር በሙከራ ወሰደችው፤ እዚህ «ፕሩቭ» ይሉታል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ወይ ቋሚ ትሆናለህ፣ ወይ ደህና ሁን ትባላለህ። ቋሚው «ፋስት» ነው። የዚያን ዘመን ፋስት ሥራ ማግኘት እንዲህ በቀላሉ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ርዕስ ዝርዝር ላይ «ወንድም ቶሎሳ፣ ፋስት ሥራ» ተብሎ ተጽፎ በየእሑዱ ይነበብ ነበር።

ስድስተኛው ወር የካቲት ዘጠና አምስት ላይ ዋለ። ጉንቦር የመጨረሻ መፈተኛ ያደረገችለት አንድ የጃፓን ሥዕል ነው። እንጨት ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚታተም ዓይነት፣ መቶ ዓመት ያለፈው። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ነው፤ አባቱ መርከበኛ ሆኖ ከዚያ አገር ያመጣው ነው አሉ። አንድ የማያውቅ ሰው በሙጫ ካርቶን ላይ ለጥፎበት ካርቶኑ ወረቀቱን እያቃጠለው ነበር። ቶሎሳ ካርቶኑን በእንፋሎት እያለሰለሰ ከጀርባው ልጦ አነሳው። የቀረው የሳሳውን ጀርባ እዚህም እዚያም በስንዴ ሙጫ መጠገንና ማድረቅ ነው። ውሃ በሚመጥ ወፍራም ወረቀት መሐል አድርጎ ክብደት መጫን፣ በየሦስት አራት ሰዓቱም መጣጩን መለወጥ። ካልተለወጠ ይሻግታል ወይም ይጨማደዳል።

ታዲያ ቅዳሜና እሑድ ሱቁ ዝግ ነው፤ ቁልፉም በጉንቦር እጅ ነው። እሷ መጣጩ ሳይለወጥ ሁለት ቀን ቢቆይ ምንም አይሆንም ብላ ነበር። የእሱ ነፍስ ግን እምቢ አለች። የደንበኛ ዕቃ ከሱቅ አይወጣም የሚለው የቤቱ ሕግ ነው፤ ያውቃል። ዓርብ ማታ በትልቅ ማህደር ደብቆ፣ በቱነልባናው ውስጥ ቆሞ እንደ ታቦት ተሸክሞ ቮርቢ ጎርድ ይዞት መጣ።

መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ሲዘረጋው አየሁት። ይህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ያው እኔ ሳልጠይቅ አላልፍም። ተረቱን ነገረኝ። ሳሙራይ የሚባል የጃፓን የጦር ሰው፣ ከከተማው በር ላይ ሰው የሚበላ ጋኔን ገጥሞ ክንዱን በሰይፍ ቆረጠው። ክንዱን ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። አንድ አዋቂ፣ ሰባት ቀን ጹም፣ በርህን ለማንም እንዳትከፍት አለው። ጾመ ሲለኝ ሰውየውን ወደድኩት። በመጨረሻው ቀን ያሳደገችው አክስቱ ከሩቅ አገር መጥታ በሩን መታች። አልከፍትም አላት። አሳድጌህ ዋጋዬ ይሄ ነው ወይ ብላ አለቀሰች። ከፈተላት። ክንዱን አሳየኝ አለችው፣ ሳጥኑንም ከፈተ። ለካ ጋኔኑ ራሱ ነው በአክስቲቱ መልክ የመጣው። ክንዱን ነጥቆ ጣሪያ ቀዶ በረረ።

ሥዕሉ ያንን ሰዓት ነው የሚያሳየው። ሽበታም አሮጊት፣ ጥርሷ ወጥቶ፣ ቀይ ክንድ አቅፋ ወደ ላይ ስትሄድ፤ ሰውየው ከታች ሰይፉን ገና ሲመዝ።

ደሜ ፈላ። ከሰው ሁሉ መርጠው አክስቲቱን? ያሳደገችውን? ቶሎሳ ሳቀብኝና የተሣለው ለእርስዎ አይደለም አዳዳ አለኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ቀዩን በጣቱ ሳይነካ ጠቁሞ፣ ይህ ቀይ ውሃ አይወድም፣ ጠብታ ከነካው ይሄዳል አለኝ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሱም መጣጩን ሊለውጥ ሲነሳ፣ ምድጃውን ሲያይ፣ መስኮቱን ሲያይ ይሰማኛል። ይህ ልጅ ስድስት ወር ጸሎት ተደርጎለት፣ ጉዳዩ ሊፈጸም ሦስት ቀን ሲቀረው ጋኔን ከቤቱ ገባ እያልኩ ተገላበጥኩ። አሁን ስናገረው ያሳፍራል። ያኔ ግን የእውነት ፈራሁለት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ መጣጭ ወረቀት ሊገዛ ከተማ ወጣ። ኢየሩሳሌም ሥራ ናት፣ ሶረቲ መዝሙር ልምምድ ሄዳለች። ቤቱ ጭር ሲል መኝታ ቤቱ ገባሁ። ክብደት ብሎ የጫነውን መጽሐፍ፣ የስልክ ማውጫውን፣ የሶረቲን አትላስ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ማውጫ ሁሉ አነሳሁ። አሮጊቷ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ሽማግሌዎቻችን የጸለዩበት ዘይት በትንሽ ጠርሙስ አለኝ። ለታመመ ሰው ነው የተጻፈው፣ ለወረቀት የሚል የትም የለም። አውራ ጣቴን ነከርኩና ግንባሯ ላይ አደረግኩ። «ጌታ ይገሥጽሽ» አልኳት። ልቤ ቀለለኝ።

ከዚያ አየሁት። ሰው ግንባር ላይ ዘይት ሲቀባ ላዩ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን ይጠጣል። ጠጣው። ክቡ እየሰፋ፣ እየጠቆረ ሄደ። ወይ ጉዴ፣ ምን አደረግኩ። ልብስ ላይ ዘይት ሲፈስ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ያንን ነው የማውቀው። ቶሎሳ ለሙጫ የሚያዘጋጀው የነጣ የስንዴ ዱቄት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሮጬ አምጥቼ ነሰነስኩበት። ወረቀቱ ደግሞ ገና አልደረቀም። ዱቄቱ ዘይቱንም እርጥበቱንም ጠጥቶ እዚያው ተለጠፈ። እፍ አልኩት፣ በጥፍሬ ነካ ነካ አደረግኩት፤ አልነሳም አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሙም አቃተኝ። ሁሉን እንደነበረ መልሼ ጭኜ ድንች ልልጥ ኩሽና ገባሁ።

ቶሎሳ መጣ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ሥዕሉ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ጠራኝ።

«አዳዳ፣ እዚህ ክፍል ገብተው ነበር?»

«ምን ልሠራ እገባለሁ?» አልኩት።

አመነኝ። ለምን አያምነኝ፤ ዋሽቼው አላውቅማ። ስለዚህ ለራሱ መልስ ፈለገ። ሙጫ ነው አለ፤ ጀርባውን ስጠግን ከብሩሼ ጠብ ብሎ ነው፣ እንቅልፍ ስላልተኛሁ ሳላየው ቀርቼ ነው። የደረቀ የስንዴ ሙጫ በረጠበ ጥጥ ነው የሚነሳው። ጥጡን እንጨት ላይ ጠቅልሎ አረጠበ፣ ጨመቀ፣ እንደገና ጨመቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። «ተው፣ ዘይት ነው» ማለት ሦስት ቃል ነው። አፌ ውስጥ ነበረ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና ዋጥኩት።

ጥጡን አስነካው። ውሃው ወደ ውስጥ አልገባም፤ ተንሸራቶ ወደ ጎን ሄደ፣ ከጎን ያለው ቀዩ ክንድ ነው። ቀዩ ተነሳ። በአሮጊቷ ፊት ላይ፣ ባቀፈችበት እጅ ላይ፣ በሽበቷ ላይ ፈሰሰ። ቶሎሳ መጣጩን ይዞ ደረሰበት፣ ግን ምን ይቀራል፤ ግማሽ ፊቷ ቀልቷል።

ጥጡን አስቀመጠ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ። እግሩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ያ ቁጭ በል ቁጭ በል ብዬ ያሳደግኩት ልጅ፣ ኢየሩሳሌም ከሥራ እስክትመለስ ድረስ እንደዚያው ተቀምጦ ቆየ። እኔ ነኝ ያን ዕለት በኮሪደሩ ስመላለስ የዋልኩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዝርዝሩ ተነበበ፣ ለወንድም ቶሎሳ ፋስት ሥራ ተባለ፣ ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ ግን የመዝሙር መጽሐፌን ገጽ እገልጥ ነበር። ለሴቶች ልጆች የሰንበት ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ራሴን አሞኛል ብዬ ሌላዋን እንድታስተምር ለመንኩ። ይህም ሁለተኛ ውሸት ነው።

ምሳ ላይ ቶሎሳ ለኢየሩሳሌም ሲነግራት ሰማሁ። ነገ ለጉንቦር እውነቱን እነግራታለሁ አላት። ወደ ቤት መውሰዴን፣ ሙጫ ማንጠባጠቤን፣ በቀዩ አጠገብ ውሃ ማስነካቴን፤ ሁሉንም። ኢየሩሳሌም፣ ሰው ይሳሳታል፣ ሌላ ዕድል ትሰጥህ ይሆናል አለችው። ዕድል አልፈልግም አላት። «እጄ ከዳኝ፣ ኢየሩስ። በአእምሮዬ አልነበረም የምተማመነው፣ በእጄ ነበር። ካርታውም፣ ይሄም። አሁን ቢላ ስይዝ እንኳ እፈራዋለሁ።»

እውነትም ዳቦውን እሷ ነበረች የቆረጠችለት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ዳዋው ቢያንስ እንዳልበላ ያውቃል፤ የእኔው ልጅ ግን እኔው በላሁ ብሎ አምኖ ተቀምጧል።

ያኔ ለምን አልተናገርኩም? ጠረጴዛው ላይ አራታችንም ነበርን። ሶረቲ ታየኛለች። የልጅ ልጄ ፊት ውሸታም ልባል አልቻልኩም፣ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰኞ ጠዋት ማህደሩን ይዞ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ተነሳሁ። ትንሽ ቆይቼ ነጠላዬን ከኮቴ ላይ ደርቤ ተከተልኩት። እኔ ለብቻዬ መሐል ከተማ ካለው ትልቁ ጣቢያ፣ ከቲ-ሴንትራለን አልፌ ሄጄ አላውቅም። እዚያ ወርጄ አረንጓዴውን መስመር ስፈልግ ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ አንዴም በተቃራኒው ባቡር ሁለት ጣቢያ ሄጄ ተመለስኩ። ቬሊንግቢ ስወርድ በረዶው ቀልጦ አደባባዩ ውሃ ሆኗል። የፍሬም ቤቱን በመስኮቱ ላይ ከተደረደረው ፍሬም ለየሁት።

ስገባ ሁለቱም ቆመዋል። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጉንቦር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አቀርቅራለች። ቶሎሳ ሲያየኝ ሰው የሞተ መሰለውና ምን ሆናችሁ ብሎ ወደ እኔ መጣ። አልፌው ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ለስደተኞች ከሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት፣ ከኤስ-ኤፍ-ኢ፣ የቀረችኝን ስዊድንኛ ሰብስቤ ደረቴን ነካሁ። «ያግ» አልኩ፣ እኔ ማለት ነው። እሱን አሳይቼ «ኢንተ ሃን» አልኩ፣ እሱ አይደለም። ከዚያ በላይ ቋንቋ የለኝም። ጉንቦር ግራ ገብቷት ወደ ቶሎሳ ዞረች፣ ምን ትላለች ብላ ጠየቀችው።

«ተርጉምላት» አልኩት። «የምለውን ሁሉ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተርጉምላት።»

በል እሺ አለኝ። ዓይኔን ሴትዮዋ ላይ ተክዬ ተናገርኩ። ቅዳሜ ብቻዬን ክፍሉ ገባሁ አልኩ፤ ተረጎመ። ሥዕሏን ጋኔን ናት ብዬ ፈራሁ፤ ተረጎመ፣ ትንሽም ፈገግ አለ። የጸሎት ዘይት በአውራ ጣቴ ግንባሯ ላይ ቀባሁ አልኩ። እዚህ ላይ መተርጎሙን አቆመ። ፊቱን አላየሁትም፣ ለማየት አልደፈርኩም። ጉንቦር ቀጥል አለችው መሰለኝ። ቀስ ብሎ ተረጎመው። ዘይቱን ይምጠጥልኝ ብዬ የእሱን ዱቄት ነሰነስኩ፣ ሙጫ የመሰለው ያ ነው አልኩ። ተረጎመ። ገብተው ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አልገባሁም አልኩት። በውሃ ሊያነሳው ሲል ቆሜ አየሁት፣ ዝም አልኩ። ይህንን ሲተረጉም ድምፁ ጠፋ፤ ጉንቦር ጠጋ ብላ ነው የሰማችው።

እሷ ከመደርደሪያ ቤንዚን የሚሸት ጠርሙስ አወረደች፣ በጥጥ ጫፍ ነክራ ክቡን ነካች። ጥጡን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ቢጫ ወጥቶበታል። እጄን ያዘችና ልኩን ልታይ አውራ ጣቴን ከክቡ በላይ አስጠጋች፣ ሳታስነካ። ከዚያ ከቶሎሳ ጋር ረጅም ነገር አወራች። አንዳንዴ ወደ ሥዕሉ ትጠቁማለች፣ አንዳንዴ ራሷን ትነቀንቃለች።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ዘይት ባለበት ውሃ አይገባም፣ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ ለዚህ ነው ቀዩን ያገኘው ትላለች። እሷም ራሷ ብትሆን ሙጫ ነው ብላ በውሃ ትነካው ነበር።»

«ሥራውስ?»

ሥዕሉን እያየ ነው የመለሰልኝ። «የደንበኛ ዕቃ ከሱቅ አይወጣም ብዬህ ነበር፣ ባትወስደው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ትላለች። ለሽማግሌው ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም ትላለች። ዓርብ የመጨረሻ ቀንህ ነው ትላለች።»

ያገሬን ልማድ አደረግኩ፤ ሴትዮዋ እግር ላይ ወደቅኩ። እሷ ደንግጣ ወደ ኋላ ስትል አንድ የእንጨት ክምር ገፋች። ቶሎሳ ብብቴን ይዞ አነሳኝ። ጉልበቴ ላይ የተጣበቀውን የእንጨት ፍቅፋቂ በእጁ አራገፈልኝ። ጉንቦር ዓይኗ እንባ አቅርሮ አንድ ነገር ጨመረች፤ እሱ ግን አልተረጎመልኝም።

ጣቢያው ድረስ ሸኘኝ። ከዚህ ደረጃ ውረዱ፣ ከዚህ ተሳፈሩ፣ እዚያ ቀይሩ ብሎ ደጋግሞ አስረዳኝ። መጨረሻ ላይ የተናገረችውን ለምን አልተረጎምክልኝም አልኩት። ባቡሩ ሦስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ጓንቱን አወለቀ፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ በግራው ያዘው።

«እጅህ እንኳ ምንም አልሆነም፣ ሌላ ቦታ እንዲቀጥሩህ የምስክር ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ ነው ያለችው» አለኝ። እጁን ሳይለቅ፦ «አዳዳ፣ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን እጅ ስረግመው ነበር። እርስዎ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።»

ይቅር በለኝ ማለት ፈልጌ ነበር። ባቡሩ ገባ፣ በሩ ተከፈተ። እሱ እጄን ይዞ አስገባኝ፣ ባዶ ወንበር ፈልጎ አስቀመጠኝና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ገና አራት ቀን ይቀረው ነበርና።